የሚመለስና የማይመለስ ስሕተት፦ አውቶማቲክ የሶፍትዌር ማሻሻያ በሰርቨሮቻችን ላይ



 የንግግሬ ርእስ የአንድ ክፍል ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ውጤቱ በሬጅስትራር ሰርቨር ላይ ያልተመዘገበ፣ ወይም ደመወዙ በሰርቨር በኩል የማያልፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሁላችሁንም ባለ ጉዳይ አድርጌ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በእኛ አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰርቨር ማንም ሳያዝዘው፣ ራሱ በመረጠው ሰዓት፣ ሶፍትዌሩን እንዲያሻሽል መፍቀድ ይገባናልን? በተለምዶ አፕዴት የምንለውን ዛሬ ማሻሻያ እያልሁ እጠራዋለሁ። ባለሙያዎች በዚህ ነገር ላይ በሁለት ወገን ቆመው ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን፣ የደኅንነት ክፍተት በታወቀ ማግሥት ካልተደፈነ ሌባ ይገባበታል፤ ሰው ደግሞ ይዘነጋል፣ ይደክማል፣ ፈቃድ ይወጣል፤ ስለዚህ ሥራው ለማሽኑ ይተው ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ የሚሠራን ነገር አትንካው፤ ማሻሻያው ራሱ የብልሽት በር ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች በቂ ማስረጃ አላቸው፤ ጥቂቱን አሳያችኋለሁ። የእኔ አቋም ግን ክርክሩ የተተከለበት ቦታ ልክ አይደለም የሚል ነው። ሰርቨሩን ስናስብ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ማሻሻያው ቢበላሽ በዚያ በተበላሸበት ሰዓት ውስጥ የሆነው ነገር ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለፈው ገንዘብ፣ ውጤት፣ የሕሙማን መዝገብ ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

ሁለተኛም የምለው አለኝ። አውቶማቲክ ማሻሻያን የቀረጹት ሰዎች መብራት የማይጠፋበት፣ መስመር የማይቋረጥበት አገር አስበው ነው የቀረጹት። ሰሜን ወሎ እንዲህ ያለ አገር አይደለም። ይህ ምን ዓይነት ልዩነት እንደሚያመጣ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ለአውቶማቲክ ማሻሻያ የሚከራከረውን ወገን ልስማ። መጋቢት 5 ቀን 2009 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ አገልግሎት ላይ የነበረ አደገኛ ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። ክፍተቱን የሚጠቀም መሣሪያ ከአንድ ወር በኋላ በይፋ ተለቀቀ። ግንቦት 4 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዚያው ክፍተት ገብቶ በመላው ዓለም በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ኮምፒውተሮችን ቈለፈ፤ ፋይላችሁን የምትፈልጉ ክፈሉ አለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ አምቡላንሶችን ወደ ሌላ ቦታ መለሱ። በማሻሻያውና በጥቃቱ መካከል 59 ቀናት ነበሩ። የተጠቁት በአብዛኛው መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ያልወሰዱ ናቸው። ማሻሻያውን በራሱ የጫነ ማሽን ያን ቀን እንደማንኛውም ዓርብ አሳለፈው።

በተቃራኒው ወገን ያለው ታላቅ ምስክር ሐምሌ 12 ቀን 2016 የደረሰው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ የመረጃ ፋይል በአውቶማቲክ መንገድ ላከ። ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም የሚጠብቀው 21 ግብዓት ሲሆን የቀረበለት 20 ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ የሌለውን 21ኛ ፍለጋ ከተፈቀደለት የማስታወሻ ክልል ውጭ ሲያነብ፣ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ይሠራ ስለ ነበር ማሽኑን በሙሉ ይዞ ወደቀ። ኩባንያው ስሕተቱን ያረመው 2፡27 ላይ ነው፤ ማለትም ከ78 ደቂቃ በኋላ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ገጽ ላይ ቀርተዋል፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጐሉ። እርማቱ ቢላክም የወደቀው ማሽን መስመር ላይ መውጣት አልቻለምና ሊቀበለው አልቻለም። ሰው በእግሩ ሄዶ፣ እያንዳንዱን ማሽን በእጁ አስነሥቶ ፋይሉን መሰረዝ ነበረበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ከደንበኞቹ መካከል ጠንቃቆች ነበሩ። ዋናው ፕሮግራም አዲስ በወጣ ቊጥር ወዲያውኑ አይጫንብን፣ በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንቅር ብለው አስቀድመው የወሰኑ ነበሩ። እነርሱም ወደቁ። ምክንያቱም ያ ምርጫ የሚገዛው ፕሮግራሙን እንጂ በየቀኑ የሚላኩትን የመረጃ ፋይሎች አልነበረም። ማሻሻያዬን ተቈጣጥሬአለሁ የሚል የሥርዓት አስተዳዳሪ በየትኛው በር ምን እንደሚገባ ማወቅ አለበት፤ አንዱን በር ዘግቶ በሌላው የሚያስገባ ብዙ ነው። በነገራችን ላይ በዚያች 78 ደቂቃ መብራት ጠፍቶባቸው የነበሩ ማሽኖች በሙሉ ድነዋል። እኛ አገር መብራት መጥፋቱ የሚመሰገንበት ቀን ቢኖር እርሱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ይህንን ጉዳይ ከማንም በላይ ተማሪዎች ታስታውሱታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች ያሉት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት፣ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በስልክ መልእክት ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ባሉ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 490,000 የሚጠጉ የገንዘብ ልውውጦች ተካሄዱ፤ ብዙዎቹ ሕጋዊ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ደግሞ አልነበሩም። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ገንዘቡን ካወጡት መካከል አብዛኞቹ ተማሪዎች እንደ ሆኑ ገልጸዋል።

ምክንያቱ ምን ነበር? ባንኩም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ይፋ እንዳደረጉት ከውጭ የመጣ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። በሥርዓቱ ላይ ይካሄድ በነበረ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ማሻሻያ በራሱ ሰዓት ከውጭ አገር መጥቶ ቤታችንን አፈረሰ የሚል ታሪክ አይደለም። ለውጡ የቤቱ ለውጥ ነው፤ የተለመደ፣ የሥራ አካል የሆነ ለውጥ። "በእጃችን እስከ ሠራነው ድረስ ሰላም ነን" የሚሉ ባልደረቦቼን ይህን ጉዳይ ደግመው እንዲያዩት የምጠይቃቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን በሁለት ከፍዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ የንግግሬም መካከለኛ ነጥብ ይህ ነውና። የመጀመሪያው የሥርዓቱ መመለስ ነው። አገልግሎቱ ተቋረጠ፣ ስሕተቱ ተገኘ፣ ታረመ፣ በሰዓታት ውስጥ ባንኩ ሥራውን ቀጠለ። በቴክኒክ ሚዛን ሲታይ ይህ መጥፎ ውጤት አይደለም። ሁለተኛው የገንዘቡ መመለስ ነው። ባንኩ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የወጣው 801.4 ሚሊዮን ብር ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ 622.9 ሚሊዮን ብር ተመልሶ ነበር። ይህን ለማስመለስ ማስታወቂያ ወጣ፣ ቀነ ገደብ ተሰጠ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ እያሉ ለመኑ፣ በመጨረሻም ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በአንዲት ሌሊት ውሳኔ ፊቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የተማሪውን ጥፋት አላቀልለውም፤ የራሱ ያልሆነውን እንደሚወስድ ያውቅ ነበር። ነገር ግን በሰዓታት የተመለሰው ሶፍትዌር ለወራት ያልተመለሰ የሰው ጣጣ ጥሎ እንደ ሄደ ማየት አለብን። የባንክ ምሳሌ ስላነሣሁ ነገሩ ትልቅ ይመስላል እንጂ፣ የውጤት ማስገቢያ ሥርዓት ለግማሽ ቀን ተሳስቶ ቢያድር፣ ኤፍ የነበረው ሲ ቢሆን፣ በዚያም ላይ ተመርቆ የሄደ ተማሪ ቢኖር፣ ጣጣው ያው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ነው ሰርቨሮችን በሁለት ዓይነት ማየት የጀመርሁት። አንደኛው ዓይነት፣ ቢሳሳት ትላንት ወደ ነበረበት ብንመልሰው ምንም የማይጐድለን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ፣ የስም መፍቻ ሰርቨር፣ የቤተ ሙከራ ማሽን፣ የቤተ መጻሕፍት የፍለጋ ገጽ። ሁለተኛው ዓይነት በየደቂቃው አዲስ እውነት የሚመዘገብበት ነው፤ ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ፣ የሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ። የመጀመሪያውን ወደ ትላንት መመለስ እርማት ነው። ሁለተኛውን ወደ ትላንት መመለስ ራሱ ጥፋት ነው፤ የዛሬ ጠዋት የተመዘገበው ተማሪ፣ ዛሬ የተከፈለው ክፍያ አብሮ ይጠፋልና። አንዳንድ ማሻሻያ ደግሞ የመረጃ ቋቱን አወቃቀር ይለውጣል፤ አንዴ ከተለወጠ አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን ቋት ማንበብ አይችልም። እንዲህ ያለውን ለውጥ ማሽን በሌሊት ብቻውን እንዲወስን መተው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

አሁን የሰሜን ወሎን ጉዳይ ላንሣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ፣ መርሳና አካባቢው በጦርነት ውስጥ በነበሩባቸው ወራት መብራትም ኔትወርክም ተቋርጦ ነበር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጧል። ምክንያቱን መተንተን የዛሬ ሥራዬ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አውቶማቲክ ማሻሻያ የበራለት ሰርቨር ለወራት ከመስመር ውጭ ቈይቶ ሲመለስ ምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። በሰርቨሩ እናት ሰሌዳ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥል እርስዋ ናት። ባትሪዋ ካለቀች ማሽኑ ሲነሣ ከብዙ ዓመታት በፊት ያለ ቀን ላይ ራሱን ያገኘዋል። ኡቡንቱን የመሰለ ሥርዓት የማሻሻያ ማውጫውን ሲያነብ፣ ማውጫው ገና ባልመጣ ቀን የተፈረመ ሆኖ ይታየዋልና አልቀበልም ይላል። የድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀቶችም እንዲሁ ጊዜያቸው ያልደረሰ ይመስሉታል። በዚህም አውቶማቲክ ማሻሻያው በርቶ ሳለ አይሠራም፤ ስሕተቱም ማንም በማይከፍተው መዝገብ ውስጥ በየቀኑ ይጻፋል። አስተዳዳሪው ተጠብቄአለሁ ብሎ ይተኛል። ከሁሉ የከፋው የጥበቃ ዓይነት ይህ ይመስለኛል፤ የለም ብለው ቢያውቁት ሌላ ያዘጋጁ ነበርና። መድኃኒቱ ግን ከአንድ ኪሎ ሙዝ ዋጋ ብዙ የማይርቅ ባትሪና ለግቢው ሁሉ ሰዓት የሚሰጥ አንድ ማሽን ነው።

ስለ ሰዓት ከተነሣ ሌላም አለ። የኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ካልተነገረው በቀር የሰዓት ቀጠናውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይተወዋል። አውቶማቲክ ማሻሻያው ደግሞ እንደተለመደው የሚነሣው በማሽኑ ሰዓት በስድስትና በሰባት መካከል ነው፤ ሰው ገና ሥራ ሳይጀምር እንዲያልቅ ታስቦ። በዓለም አቀፉ ሰዓት ስድስት የሆነው በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በምዝገባ ሳምንት የሬጅስትራር ሰልፍ የሚሞላው መቼ እንደ ሆነ ለተማሪዎች አልነግራቸውም። ገንቢዎቹ ለሌሊት ያሰቡት ሥራ እኛ ዘንድ በቀኑ ራስ ላይ ይወድቃል፤ አገልግሎቶች ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ ሠራተኛው "ሲስተም የለም" ይላል። በመዝገቡ ላይ "ስድስት ሰዓት" የሚለውን ያነበበ ባለሙያ ደግሞ ቀትር ነው ብሎ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። በሦስት አቈጣጠር ሰዓት የምንኖር ሰዎች ነንና፣ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ በየትኛው እንደምናነብ ጽፈን መለጠፍ አለብን።

ሁለተኛው ነገር መብራት ነው። ያው የኡቡንቱ መርሐ ግብር ማሽኑ በሰዓቱ ጠፍቶ ከነበረ ያመለጠውን ሥራ እንደ ተነሣ ለማካካስ ይሞክራል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ አገር ግን መብራት እንደ መጣ ያለው ግማሽ ሰዓት ከሁሉ የማያስተማምን ጊዜ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል፣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዩፒኤሱ ባዶ ነው። በዚያች ሰዓት ማሻሻያ መጫን ማለት በጎርፍ ሰዓት ድልድይ መጠገን ነው። ጭነቱ በመካከል ቢቋረጥ ፓኬጆቹ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ሆነው ይቀራሉ፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፣ አንዳንዴ ግን ማሽኑ አይነሣም። ኡቡንቱ የቀድሞውን ከርነል ስለሚያስቀር ከመነሻው ዝርዝር እርሱን መርጦ ማስነሣት ይቻላል። መራጩ ግን በማሽኑ ፊት መቆም አለበት። ባለሙያው ወልድያ፣ ሰርቨሩ መርሳ ከሆነ በመካከሉ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ሙሉ ሰዓት መብራቱ ጸንቶ መቈየቱንና ዩፒኤሱ መሙላቱን ሳያይ ማሻሻያ እንዳይጀምር ማድረግ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ጥቂት መስመር የሚበቃው ሥራ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይጽፈዋል።

ሦስተኛው ነገር መስመሩ ነው። ኔትወርክ ከረጅም ጊዜ በኋላ በተመለሰበት ጠዋት ግቢው ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ የተከማቸውን ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። እንበልና 60 ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 800 ሜጋባይት ቢፈልጉ 48 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሸከም መስመር ይህ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት ከአሥር ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ያንኑ ፋይል አንድ ማሽን አንዴ አውርዶ ለሌሎቹ በግቢው ኔትወርክ ቢያካፍል ከውጭ የሚመጣው 800 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በዚያው መስመር አሥራ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለኡቡንቱና ለዴቢያን እንዲህ የሚያደርጉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዊንዶውስም ማይክሮሶፍት ራሱ የማሻሻያ ማከፋፈያ አገልግሎት አለው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ፣ ኢተርኔት የምንለው፣ ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ማከፋፈያ የተመቸ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማከፋፈያው የሚሰጠን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ማቆሚያ ቦታም ይሰጠናል። ፋይሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ከእኛ ማሽን ላይ ስለ ሆነ ለማን መቼ እንደሚከፋፈል የምንወስነው እኛ ነን። መጀመሪያ ለአንድ የሙከራ ማሽን፣ ከዚያ ለቤተ ሙከራው፣ ከሳምንት በኋላ ለሬጅስትራር ማድረስ እንችላለን። መጠነኛ መዘግየት ምን ያህል እንደሚጠቅም መጋቢት 2016 ላይ ታይቷል። ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ፣ በሊኑክስ ሰርቨሮች በርቀት ለመግባት የሚያስችል የጓሮ በር ተደብቆ ተገኘ። የተገኘው አንድ ጠንቃቃ መሐንዲስ፣ አንድሬስ ፍሮይንድ፣ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ምክንያቱን ስለ ፈለገ ነው። የጓሮ በሩ የገባው በፍጥነት በሚታደሱት የሙከራ ሥርጭቶች ውስጥ ነበር፤ አዲስ ነገር ዘግይተው የሚቀበሉት የተረጋጉ ሥርጭቶች አልደረሰባቸውም። የማሻሻያ መንገድ ራሱ የጥቃት መንገድ የሆነበት ይህ ብቻ አይደለም፤ በ2009 በዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል የተለቀቀው ኖትፔትያም እንዲሁ ነው።

አራተኛው ነገር የመመለሻዋ የመጀመሪያ ሰዓት ናት። በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ማሽን በደቂቃዎች ውስጥ በአውቶማቲክ መፈተሻዎች ይዳሰሳል። ለስድስት ወራት ያልተሻሻለ ሰርቨር መስመር ሲያገኝ የስድስት ወር የታወቁ ክፍተቶችን ይዞ ነው የሚወጣው፤ አጥቂው ደግሞ በእነዚያ ወራት ሥራ አልፈታም። እዚህ ላይ የእኔ ምክር ቀላል ነው። መስመሩ ሲመለስ ሰርቨሩ መጀመሪያ ከፋየርዎል ጀርባ ይቁም፤ ወደ ማሻሻያ ምንጩ ብቻ ይውጣ፣ ማንም ወደ እርሱ አይግባ፤ ተሻሽሎ፣ ተነሥቶ፣ ከታየ በኋላ ለሕዝብ ይከፈት። የግማሽ ቀን መዘግየት ነው። ለወራት የጠበቀ ሕዝብ ግማሽ ቀን ይታገሣል።

እስካሁን ሳደምጣችሁ በልባችሁ የያዛችሁት አንድ ተቃውሞ ያለ ይመስለኛል፤ ባልደረቦቼም ብዙ ጊዜ ያነሡብኛል። "ሬጅስትራሩ በእጅ ይሻሻል ስትል፣ ማን ነው የሚያሻሽለው? ሁለት ባለሙያ ባለበት ክፍል በእጅ ማለት ጨርሶ አይሻሻልም ማለት ነው።" ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። በእጅ የተባለ ማሻሻያ የሚሠራው ቀን፣ ባለቤትና ምትክ ባለቤት ሲኖረው ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ በወረቀት ላይ በማይገኙበት ተቋም አውቶማቲኩን ክፈቱት እላለሁ፤ ለሬጅስትራርም ቢሆን። አልፎ አልፎ የሚያውክ ማሻሻያ ለዓመታት ክፍት ከሚቈይ በር ይሻላል። ዋናክራይ የጠበቀው 59 ቀን ነበር፤ ከዚያ በላይ ሳይነኩ የቈዩ ሰርቨሮች በአገራችን ጥቂት ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ እጁን ያንሣ።

ባለቤት ላላቸው ግን ቀኑን በቊጥር መወሰን ይገባል። እኔ የምቀበለው ልማድ ይህ ነው። ድረ ገጽና ወደ ውጭ የሚታዩ፣ ቢበላሹ የሚመለሱ ሰርቨሮች የደኅንነት ማሻሻያን በራሳቸው በዕለቱ ይጫኑ። መዝገብ የያዙት በማከፋፈያው በኩል ሰባት ቀን ዘግይተው ይውሰዱ፤ ክፍተቱ አሁን እየተጠቃ መሆኑ ከታወቀ ግን በዚያው ቀን። የመረጃ ቋቱንና የሬጅስትራር ፕሮግራሙን የሚነካ ማንኛውም ለውጥ በሰው እጅ፣ አስቀድሞ የመጠባበቂያ ቅጂ ተይዞና ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ከታየ በኋላ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይደረግ። ዓርብ አይሁን። የጠቀስኋቸው ሦስቱ ትላልቅ ቀኖች፣ ግንቦት 4፣ መጋቢት 6 እና ሐምሌ 12፣ ሦስቱም ዓርብ ነበሩ፤ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ ማግኘት ምን እንደሚመስል ሁላችን እናውቃለን። በምዝገባና በውጤት ማስገቢያ ሳምንታት ደግሞ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ምንም አይነካ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄ ልለፍ። የከርነል ማሻሻያ ተጭኗል ማለት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ሰርቨሩ እስኪነሣ ድረስ አሮጌው ከርነል ከነክፍተቱ ይሠራል፤ ኡቡንቱም ካልታዘዘ በቀር ራሱን አያስነሣም። "ሰርቨራችን ሳይጠፋ ዓመት ሞላው" ብሎ የሚመካ ባለሙያ ሳይታወቀው የዓመት ክፍተት እየቈጠረልን ሊሆን ይችላል። ማሻሻያው ጨርሶ የቆመባቸውም አሉ፤ ሴንትኦኤስ 7 ሰኔ 23 ቀን 2016 ድጋፉ አብቅቷል፤ በዚያ ላይ የቀረ ሰርቨር አውቶማቲኩ ቢበራም የሚመጣለት የለም። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስም እንዲሁ ነው፤ የጫነው ሰው እንዳይነቃበት ማሻሻያውን አስቀድሞ ይዘጋዋል። እነዚህን ማሽኖች ዘርዝሮ ማወቅ ከማሻሻያ ፖሊሲ ይቀድማል።

ለኮምፒውተር ሳይንስና ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመራቂ ተማሪዎች ሁለት የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐሳቦች ትቼ እሄዳለሁ። አንደኛው በግቢ ውስጥ የሚሠራ፣ ቀን የሚያዘገይ የማሻሻያ ማከፋፈያ ነው። ሁለተኛው መብራት መጽናቱንና ዩፒኤሱ መሙላቱን ሳያይ ማሻሻያ የማይጀምር አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ማማከር ለሚፈልግ ቢሮዬ ክፍት ነው። አሁን ጥያቄአችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ካሉት ብንጀምር ደስ ይለኛል።